ቻርልስ ጉድይር፤ ጎማን ያጸናው ሰው

ዓባይ የጎጃምን ምድር ከምሥራቅ፣ ከደቡብና ከምዕራብ እንደ መቀነት ከቦ የሚወርድ ወንዝ ነው። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አካባቢ ወደ ደቡብ የሚፈስሱት ተምጫ፣ ብርና ፈጣም ሁሉ መድረሻቸው እርሱ ነው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ከጎጃም ገበያ ተነሥቶ ወደ ጉድሩና ወደ ወለጋ የሚሻገር ነጋዴ፣ በበጋ መልካውን አጣርቶ ከነአጋሰሱ ይሻገር ነበር። ውሃው ሲሞላ ግን የቀረው መላ ቆዳ ብቻ ነበር፤ ዕቃውን በበሬ ቆዳ ጠቅልሎ አጥብቆ በማሠር፣ ወይም ስልቻ ነፍቶ በደረቱ በመታቀፍ፣ በዋናተኛ እየተገፋ ራሱን ለወንዙ አሳልፎ ይሰጥ ነበር። በእንዲህ ያለው ጉዞ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠለው በአንድ ስፌትና በአንድ ቋጠሮ ላይ ነው። አየሩ ካመለጠ ሌላ ተስፋ የለም።

ይህ ጥንታዊ ችግር እ.ኤ.አ. በ1968 በዚያው ወንዝ ላይ በአዲስ መልክ ቀረበ። በዚያ ዓመት በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ፣ የብሪታንያና የኢትዮጵያ ሰዎች የተካፈሉበት አንድ የጥናት ጓድ የዓባይን ሸለቆ በጀልባ ለመውረድ ተነሣ። ወንዙ ከጣና ከሚወጣበት ጀምሮ ጎሐ ጽዮንንና ደጀንን እስከሚያገናኘው የሻፋርታክ ድልድይ ድረስ ላለው እጅግ አስቸጋሪ ክፍል የተመረጡት በአየር የሚነፉ ትናንሽ የጎማ ጀልባዎች ነበሩ። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1903 አንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ በብረት ጀልባዎች ያደረገው ሙከራ ገና በመጀመሪያዎቹ የውሃ ነውጦች ላይ ከሽፎ ነበርና። ብረት ዐለት ሲመታው ይጨራመታል፤ እንጨት ይሰነጠቃል፤ በአየር የተነፋ ጎማ ግን ይጎብጣል፣ ይነጥራል፣ ቢቀደድም ከወንዙ ዳር ተጣፍቶ እንደገና ይነፋል። የጥናቱ ጓድ ከአባላቱ አንዱን በውሃ ሙላት ቢያጣም፣ ጀልባዎቹ ከዚያ በፊት ማንም ያላለፈባቸውን ብዙ ቦታዎች አልፈዋል።

የጎማውን ጀልባ ከጥንቱ ስልቻ የለየው ቅርጹ አይደለም፤ ሁለቱም አየር የታሰረባቸው ከረጢቶች ናቸው። የለያቸው የተሠሩበት ነገር ጠባይ ነው። በጀልባው ላይ የሚለጠፈው መጣፊያ፣ የገመድ ማሠሪያው ቀለበት መደገፊያ፣ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ መሠረት፣ ሁሉም ያለ ስፌትና ያለ ሚስማር ከጀልባው አካል ጋር አንድ ሆነው ፀሐይንና ብርድን፣ ውሃንና ግፊትን መቻል አለባቸው። ጎማ ይህን ጠባይ ከተፈጥሮው አላገኘውም። ያስገኘለት አንድ ሰው ነው፤ እርሱም ኬሚስት ወይም መሐንዲስ ያልነበረ፣ ዕድሜውን በዕዳና በእሥር የጨረሰ፣ ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ብረታ ብረት ነጋዴ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ጉድይር በታኅሣሥ 29 ቀን 1800 በኮነቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ ተወለደ። አባቱ አማሳ ጉድይር አዝራር፣ ማንኪያና የእርሻ መሣሪያ እየሠራ የሚሸጥ፣ ለአዲስ ነገር ጉጉት የነበረው ሰው ነበር። ቻርልስ የበኩር ልጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ የብረታ ብረት ንግድ ለመማር ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ፤ ተመልሶም ከአባቱ ጋር በሽርክና ሠራ። በ1824 ክላሪሳ ቢቸር የምትባል ወጣት አገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፊላዴልፊያ የራሱን የእርሻ መሣሪያና የብረታ ብረት መደብር ከፈተ። ንግዱ ለጥቂት ጊዜ ደራ፤ ነገር ግን ለብዙዎች በዱቤ የሸጠው ገንዘብ ሳይመለስለት ቀረ፤ ጤናውም ታወከ፤ በ1830 ገደማ ድርጅቱ ከሰረ። ኪሣራን በሕግ አስታውቆ ከዕዳ መላቀቅ ይችል ነበር። እርሱ ግን ይህን መንገድ አልመረጠም፤ ያለበትን ዕዳ በፈጠራ ሥራ በሚያገኘው ገንዘብ እከፍላለሁ ብሎ ቆረጠ። ይህ ውሳኔ የሕይወቱን መልክ እስከ መጨረሻው ወሰነው። በዚያ ዘመን የዕዳ ቅጣት እሥራት ነበርና፣ ጉድይር ከዚያ ወዲያ በተደጋጋሚ ወኅኒ ገባ።

ወደ ጎማ ያደረሰው አጋጣሚ ከነፍስ ማዳኛ ዕቃ ጋር የተያያዘ ነው። በ1834 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ሳለ በአንድ የጎማ ዕቃ መደብር ውስጥ በአየር የሚነፋ የነፍስ ማዳኛ ቀበቶ ተመለከተ። የቀበቶው ቫልቭ አሠራር ደካማ መሆኑን በብረታ ብረት ሙያው ወዲያው ተረዳ። ቀበቶውን ገዝቶ ወደ ቤቱ ሄደና የተሻለ ቫልቭ ሠርቶ ተመለሰ። የመደብሩ ኃላፊ ሥራውን ቢያደንቅም ሊገዛው አልቻለም፤ ምክንያቱንም ደብቆ አላስቀረበትም። ችግሩ በቫልቩ ላይ አልነበረም። ጎማው ራሱ የማይታመን ነገር ሆኖ ተገኝቷል፤ ኩባንያው የሠራቸው ጫማዎችና ልብሶች በበጋው ሙቀት እየቀለጡና እየገሙ ስለተመለሱ ድርጅቱ ሊዘጋ ተቃርቧል። ሊቀየር የሚገባው ቫልቩ ሳይሆን ቫልቩ የሚገጠምበት አካል ነው። ጉድይር ይህን ትምህርት ይዞ ወጣ፤ የቀረውን ዕድሜውን በሙሉም ለዚሁ ጥያቄ ሰጠ።

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት የዘመኑን ጎማ ማወቅ ያስፈልጋል። ጎማ በብራዚል ደን ውስጥ ከሚበቅል ዛፍ የሚቀዳ፣ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ሲረጋ የሚገኝ ነገር ነው። የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት ለብዙ ዘመናት ኳስ፣ ጫማና የውሃ መያዣ ሠርተውበታል። አውሮፓውያን መጀመሪያ የተጠቀሙበት ለእርሳስ ማጥፊያነት ነበር። በ1823 የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ቻርልስ ማኪንቶሽ ጎማን ከድንጋይ ከሰል በሚገኝ ናፍታ አሟሟና በሁለት ጨርቆች መካከል ቀብቶ ውሃ የማያስገባ ልብስ ሠራ። ዛሬ ጎሚስታው ማስቲሽ የሚለው የጎማ ሙጫ የዚህ አሠራር ዘመድ ነው፤ ጎማ በአሟሚ ፈሳሽ ሟሙቶ ይቀባል፣ ፈሳሹ ሲተን ጎማው ይቀራል። ነገር ግን የማኪንቶሽ ጎማ ጥሬ ጎማ ነበር፤ በበጋ እንደ ማር ይጣበቃል፣ በክረምት እንደ ሰሌዳ ደርቆ ይሰነጠቃል። በአሜሪካ የበጋው ሙቀትና የክረምቱ ብርድ ከእንግሊዝ ይልቅ ጽኑ ስለሆነ ጉዳቱ በዚያ ባሰ።

ጉድይር ወደ ፊላዴልፊያ እንደተመለሰ በዕዳ ተይዞ ታሠረ። ጥሬ ጎማ በዚያን ጊዜ ርካሽ ነበርና፣ ሚስቱ ጥቂት ጎማና የሊጥ መዳመጫዋን እንድታመጣለት አደረገ፤ የመጀመሪያ ሙከራዎቹን የጀመረውም በእሥር ቤት ውስጥ ነው። ከተፈታም በኋላ በቤቱ ማዕድ ቤት ቀጠለ። የኬሚስትሪ ትምህርት አልነበረውም፤ የነበረው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ ያገኘውን ዱቄት ሁሉ ከጎማ ጋር እየለወሰ ውጤቱን መጠበቅ። ማግኔዢያ ጨመረበት፤ ነጭና ደረቅ ሆነለት፤ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ጫማዎች ተሠሩ፤ በጋ ሲመጣ ግን ሁሉም ሊጥ ሆኑ። ጎረቤቶቹ በሽታው ስለተማረሩ ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ። በዚያም ጎማውን በኖራ ውሃ ቀቀለው፤ ልስላሴው አስደሰተው፤ ይሁን እንጂ አንዲት የሆምጣጤ ጠብታ ሥራውን ሁሉ እንደምታፈርስበት አየ። ከዚያም የናይትሪክ አሲድ በጎማው ገጽ ላይ ሲያርፍ መጣበቁን እንደሚያስቀር በአጋጣሚ ተመለከተ፤ በ1837ም ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ተሰጠው። በእነዚህ ሙከራዎች መካከል በተዘጋ ክፍል ውስጥ በተነሣው መርዛማ ጋዝ ታፍኖ ሊሞት ተቃርቦ ነበር።

የአሲዱ ዘዴ አንድ ባለገንዘብ ሸሪክ አስገኘለት፤ በስታተን ደሴት ላይም አሮጌ የጎማ ፋብሪካ ተከራየ። ነገር ግን በዚያው በ1837 በአሜሪካ የተነሣው የገንዘብ ቀውስ ሸሪኩን አከሰረው። ጉድይር ከነቤተ ሰቡ በተዘጋው ፋብሪካ ውስጥ እየኖረ ከባሕሩ በሚያጠምደው ዓሣ ይመገብ ጀመር። ልብሱን፣ ባርኔጣውን፣ ጫማውን ሁሉ ከጎማ ሠርቶ ይለብስ ስለነበረ በከተማው ዘንድ እንደ ዕብድ ይታይ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ማሳቹሴትስ ሄደ። በዚያ ናትናኤል ሄይዋርድ የሚባል የጎማ ሠራተኛ አገኘ። ሄይዋርድ በጎማ ላይ ድኝ ነስንሶ በፀሐይ ሲያሰጣው መጣበቁ እንደሚቀንስ ደርሶበት ነበር። ጉድይር መብቱን ገዛው። ሁለቱም ያልተረዱት ነገር ቢኖር ይህ ዘዴ የሚያጸናው የላይኛውን ገጽ ብቻ መሆኑን ነው። ይህም ባለማወቅ የመጣ ውርደት አስከተለ። የአሜሪካ መንግሥት 150 የፖስታ ከረጢቶች አዘዘው፤ ጉድይር ሠርቶ አዘጋጀና በሙቅ ክፍል ውስጥ ሰቅሏቸው ለጥቂት ሳምንታት ከቤት ወጣ። ሲመለስ ከረጢቶቹ በስብሰው፣ መያዣዎቻቸው ተላቀው መሬት ላይ ወድቀው አገኛቸው። ላዩ የጸና፣ ውስጡ የበሰበሰ ሥራ እንዲህ ያለ ፍጻሜ አለው። ስሙ ጠፋ፤ የሚያበድረውም ሰው አጣ።

ታላቁ ግኝት የመጣው ከዚህ ውድቀት በኋላ በ1839 በዎበርን ከተማ ነው። ከድኝ ጋር የተለወሰ ጎማ በድንገት የጋለ ምድጃ ነካ። ይቀልጣል ተብሎ የሚጠበቀው ጎማ ሳይቀልጥ እንደ ቆዳ ከሰለ፤ በከሰለው ዙሪያም የሚለጠጥ፣ የማይጣበቅ፣ እስከ ውስጡ የጸና ጠርዝ ታየ። ጉድይር ቁራጩን በበረዶው ሌሊት ከቤቱ ውጭ በሚስማር ቸነከረው፤ በማግስቱም እንደ ልስላሴው ሆኖ አገኘው። ነገሩን አጋጣሚ ብሎ መጥራት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን አጋጣሚውን የተመለከተው አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ያላሰበ ሰው ነበር። ሙቀት የጎማ ጠላት ነው ተብሎ በሚታመንበት ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ ሙቀት መሆኑን የተረዳው እርሱ ነው።

ሆኖም ግኝቱን ማየትና ግኝቱን ሥራ ላይ ማዋል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምን ያህል ድኝ፣ ምን ያህል ሙቀት፣ ለስንት ሰዓት የሚሉት ጥያቄዎች አልተመለሱም። ጉድይር የራሱ ምድጃ እንኳ አልነበረውም። ሚስቱ ዳቦ ጋግራ ስታበቃ በሚቀረው የምድጃ ሙቀት፣ በአንጥረኛ ምድጃ፣ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ሁሉ ሞከረ። በመጨረሻ በግፊት በሚለቀቅ እንፋሎት፣ በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ለአራት እስከ ስድስት ሰዓት ማሞቅ ተስማሚ መሆኑን ደረሰበት። እስከዚያ ድረስ ግን ቤተ ሰቡ የከፈለው ዋጋ ለመናገር ይከብዳል። የቤቱ ዕቃ ተሸጠ፤ የልጆቹ የትምህርት መጻሕፍት እንኳ አልቀሩም። በዚያው ክረምት ሕፃን ልጁ ሲሞት ለቀብር የሚሆን ገንዘብ በቤቱ አልነበረም። ብዙ ልጆቹን በሕፃንነታቸው የቀበረው ይህ አባት፣ ሥራውን ትቶ በሙያው ቢነግድ ኖሮ ሊያተርፋቸው ይችል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዘመዶቹም ይህንኑ ነግረውት ነበር። በፈጠራ ታሪክ ውስጥ የጽናት ምሳሌ ሆኖ የሚወሳው ሰው፣ በቤቱ ውስጥ የጽናቱን ዕዳ ሌሎች እንደከፈሉለት መዘንጋት የለበትም። ክላሪሳ ጉድይር በዚህ ሁሉ ከጎኑ አልተለየችም።

ከድካሙ ያሳረፈው አማቹ ዊልያም ዴ ፎረስት ነው። ይህ የሱፍ ጨርቅ ባለፋብሪካ ብዙ ሺህ ዶላር አበድሮት ሙከራው ወደ ፋብሪካ ሥራ እንዲሸጋገር አደረገ። ጉድይር በሰኔ 15 ቀን 1844 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘ። በእንግሊዝ ግን ተቀድሞ ነበር። አስቀድሞ ወደዚያ የላካቸው የጎማ ናሙናዎች የማኪንቶሽ ሸሪክ በነበረው በቶማስ ሃንኮክ እጅ ገቡ። ሃንኮክ ራሱ ታላቅ የጎማ ባለሙያ ነበር፤ በናሙናው ላይ የድኝ ምልክት ተመልክቶ ለብዙ ጊዜ ከሞከረ በኋላ በኅዳር 1843 ማመልከቻውን አስገባ። ለዘዴው የተሰጠው ስምም የመጣው ከእንግሊዝ ነው፤ የሃንኮክ ወዳጅ የነበረው ዊልያም ብሮከደን ሙቀትና ድኝ የሚገናኙበትን ይህን ሥራ በሮማውያን የእሳት አምላክ በቩልካን ስም ቩልካናይዜሽን አለው። ጉድይር በእንግሊዝ ያቀረበው ክስ አልተሳካለትም። ይህ ታሪክ ለባለሙያዎች አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል፤ መብቱን ሳያስከብር ናሙናውን ያሳየ ሰው ምሥጢሩን ሰጥቷል።

በአገሩም ቢሆን መብቱን የሚጥሱ አልጠፉም። ከእነርሱ ዋነኛው ሆረስ ዴይ የተባለ አምራች ነበር። በ1852 በኒው ጀርሲ ግዛት በትሬንተን በተሰማው ታላቅ ክርክር፣ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ዳንኤል ዌብስተር ለጉድይር ወገን ጠበቃ ሆኖ ቆመ። የተከፈለው 15,000 ዶላር ለዚያ ዘመን ጠበቃ እጅግ ከፍተኛ ገንዘብ ነበር። ጉድይር ረታ። ነገር ግን ከመብቱ ይልቅ ለሙከራ የሚሳሳ ሰው ስለነበረ፣ ለፋብሪካዎች ፈቃድ የሰጠው በጣም በአነስተኛ ክፍያ ነው፤ የተከፈለውንም ገንዘብ በአዳዲስ ዕቃዎች ላይ ያጠፋው ነበር።

ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል በአየር የሚነፉ ነገሮች ልዩ ስፍራ ነበራቸው። ወደ ጎማ የመራው የነፍስ ማዳኛው ቀበቶ ከልቡ አልወጣም፤ በውሃ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ብዛት ዘወትር ያሳስበው ነበር። ስለ ጎማ ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ ነፍስ ማዳኛ ዕቃዎችንና ጀልባዎችን በዝርዝር አስፍሯል፤ ከዚህ መጽሐፍ አንዳንዱ ቅጂ የታተመው በጎማ ገጽ ላይ ነው። በዚያው ዘመን ሌሎችም በዚህ መስመር ተነሥተዋል። በእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፒተር ሃልኬት በማኪንቶሽ ጨርቅ የተሠራ፣ እንደ ካባ የሚለበስ፣ በወናፍ ሲነፋ ጀልባ የሚሆን ዕቃ ሠርቶ ነበር፤ በሰሜን ዋልታ አካባቢም በዚህ ጀልባ የተጠቀሙ አሳሾች አሉ። በ1846 በጀመረው የሜክሲኮ ጦርነት የአሜሪካ ሠራዊት በአየር በሚነፉ የጎማ ተንሳፋፊዎች ላይ የሚዘረጋ ድልድይ አዘጋጅቷል።

ጉድይር በ1851 በለንደን በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ግድግዳው፣ ጣሪያውና የቤት ዕቃው ሁሉ ከጎማ የተሠራ አዳራሽ አሳየ፤ 30,000 ዶላር ወጣበት። በ1855 በፓሪስ የበለጠ ወጪ አድርጎ ሌላ አሳየ። በፈረንሳይ የነበረው የፈጠራ መብት ሲሰረዝበት ግን ገቢው ተቋረጠና በታኅሣሥ 1855 በዚያው ከተማ በዕዳ ታሠረ። ከፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ከናፖሊዮን 3ኛ የተሰጠው የክብር ኒሻን የደረሰው በዚያ እሥር ቤት ውስጥ ሆኖ ነው፤ ያመጣለትም ልጁ ነበር። ክላሪሳ ይህን ቀን አላየችም፤ በ1853 አርፋ ነበር። ጉድይር በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ሚስት አግብቷል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በብርቱ ይታመም ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ እርሳስ ከተባለው ብረት ከሚገኙ ዱቄቶችና ከአሲድ ትነት ጋር የኖረ አካል ነበርና የሚያስደንቅ አይደለም። በ1860 ሴት ልጁ በጽኑ መታመሟን ሰምቶ ወደ ኒው ሄቨን ጉዞ ጀመረ። ኒው ዮርክ ሲደርስ መሞቷን ተረዳ፤ እርሱም እዚያው ወድቆ በሐምሌ 1 ቀን 1860 ዐረፈ። ትቶት የሄደው ዕዳ 200,000 ዶላር ገደማ ነበር። በስሙ የሚጠራው የታወቀው የጎማ ኩባንያ የተቋቋመው ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ በ1898 በአክሮን ከተማ ሲሆን፣ እርሱም ሆነ ዘሮቹ ከኩባንያው ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም፤ ስሙ የተሰጠው ለመታሰቢያ ያህል ነው።

የጉድይር ሥራ የዓለምን መልክ ለውጧል፤ ለውጡ ግን ሁሉ በጎ አልነበረም። የብስክሌትና የመኪና ጎማ ፈላጊ ሲበዛ የጥሬ ጎማ ዋጋ ናረ፤ በቤልጅግ ንጉሥ በሊዮፖልድ 2ኛ ይገዛ በነበረው ኮንጎ ሕዝቡ ጎማ ከደን እንዲያመጣ በግፍ ተገደደ፤ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። በአማዞን ደንም ተመሳሳይ ግፍ ተፈጽሟል። አፍሪካዊ ባለሙያ የጎማን ታሪክ ሲያነብ ይህንን ገጽ መዝለል አይገባውም።

ጉድይር ያገኘውን ነገር ምክንያት እርሱ ራሱ አላወቀም። የኋላ ዘመን ሳይንስ እንዳብራራው፣ ጥሬ ጎማ እንደ ተዘበራረቀ ክር በሆኑ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። ክሮቹ እርስ በርሳቸው ስላልተያያዙ ሙቀት ሲመጣ ይንሸራተታሉ፤ ጎማውም ይቀልጣል። ድኝ በሙቀት ጊዜ በክሮቹ መካከል ድልድይ ይሠራል። ድልድዮቹ ጥቂት ሲሆኑ ጎማው እየተለጠጠ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሲበዙ ደግሞ እንደ እንጨት ይጠነክራል።

ይህ ዕውቀት መጣፊያ ለምን እንደሚይዝና ለምን እንደሚላቀቅ ያስረዳል። ድልድዩ የተሠራለት ጎማ ጸንቷልና እንደ ጥሬው በራሱ ከሌላ ጎማ ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ ባለሙያው ያረጀውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ አቧራውንና ቅባቱን በተስማሚ ፈሳሽ ይጠርጋል፤ በመጣፊያውም በጎማውም ላይ ማስቲሹን በስሱ ይቀባል። ፈሳሹ ተንኖ እስኪያልቅ ይታገሣል፤ በጣት ሲነካ የሚይዝ፣ ነገር ግን እጅ ላይ የማይቀር ሲሆን መጣፊያውን ያሳርፋል። ከመካከል ወደ ዳር እየዳመጠም ውስጥ የቀረውን አየር ያስወጣል። በዚህ ጊዜ በማስቲሹና በመጣፊያው ውስጥ ያለው ድኝና አፋጣኝ ቅመም ያለ እሳት ድልድዩን ይዘረጋል። በሙቅ ብረት ተጭኖ የሚሠራው መጣፊያ ደግሞ የዎበርኑን ምድጃ ሥራ በጥቂት ደቂቃ ይደግማል። ፈሳሹ ሳይተን የቸኮለ ሰው መጣፊያው ሲያብጥበት፣ ሳይፍቅ የለጠፈም እንደ ቅርፊት ሲላጥበት ያያል።

በጀልባ ላይ ጥንቃቄው ይበዛል። የዛሬ ጀልባዎች የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ጎማ ወይም ፒ.ቪ.ሲ. ከለበሰ ጨርቅ ነው። ለአንዱ የሚሆነው ማጣበቂያ ለሌላው አይሆንም፤ ለሰው ሠራሽ ጎማው ማጠንከሪያ ፈሳሽ የሚጨመርበት ማጣበቂያ፣ ለፒ.ቪ.ሲው ደግሞ የፖሊዩረቴን ማጣበቂያ ያስፈልጋል። ርጥበት ቀንደኛ ጠላት ነው። ፈሳሹ ሲተን የተቀባውን ገጽ ስለሚያቀዘቅዘው በርጥብ አየር ውስጥ ዐይን የማያየው ጤዛ ያርፍበታል፤ በክረምት በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ለመጣፍ የሚሞክር ሰው ከወንዙ በላይ የሚታገለው ከዚህ ጤዛ ጋር ነው። የገመድ ቀለበትና መያዣ ሲለጠፉም፣ ጉተታው መጣፊያውን ከዳር ወደ ላይ እንዲልጠው ሳይሆን በገጹ ላይ ተንጣሎ እንዲጎትተው ሆኖ መቀመጥ አለበት። አንድ መጣፊያ ተንጣሎ ሲጎተት የሰውን ክብደት ይሸከማል፤ ከዳሩ ሲላጥ ግን በሁለት ጣት ይነሣል።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ጎማው በተነፈሰ ጊዜ ወደ ጎሚስታ ጎራ ይላል። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚታጠፈው መንገድም ዓባይን በድልድይ ስለሚሻገር፣ የጥንቱ ነጋዴ ከስልቻው ጋር የገባበትን ውሃ የዛሬው ሹፌር ከላይ እያየው ያልፋል። ጎሚስታው ካላማደሪውን ከጎማው ያወጣል፤ ነፍቶ በውሃ ገንዳ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋው የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ይፍቃል፣ ይቀባል፣ ይጠብቃል፣ ይለጥፋል። ይህ ሥራ የሚከፈልበት ዋጋ ጥቂት ነው፤ ከኋላው ያለው ዋጋ ግን ትንሽ አልነበረም። ጉድይር የ150ዎቹን የፖስታ ከረጢቶች ውድቀት ባያይ ኖሮ ላዩ የጸና ጎማ ይበቃል ብሎ በተቀመጠ ነበር። ውስጡ ያልጸና ነገር እንደማይታመን የተረዳው በውርደት ነው፤ ከተረዳም በኋላ ሥራውን ከሥሩ ጀመረ። በሸለቆው ውስጥ በአየር በተነፋ ጀልባ የሚወርድ ሰውም፣ በጎማ ላይ ጭነቱን የሚያሳልፍ ሹፌርም፣ ሕይወታቸውን የሚያምኑት በዚያ ውሳኔ ላይ ነው።